64 ጊጋ በአንድ ኬብል፦ ከላፕቶፕ ወደ ላፕቶፕ ትልቅ ፋይል ለማሳለፍ ፍላሽ ላይ አትንከራተቱ

ከምሽቱ 3 ሰዓት ሆኗል። ኩልፎ ካምፓስ አካባቢ ባለች አንዲት የኪራይ ክፍል ውስጥ፣ አልጋ ላይ ሁለት ላፕቶፖች ጎን ለጎን ተቀምጠዋል። የኔው ላይ ዶርዜ ወጥቼ ሁለት ቀን የሸማኔዎችን ሥራ የቀረፅኩት ቪዲዮ አለ፤ 64 ጊጋ። ሌላኛው የኤዲተር ጓደኛዬ ነው። እሱ ደግሞ ሌሊት 11 ሰዓት መናኸሪያ መድረስ አለበት፣ ወደ አዲስ አበባ ሊሳፈር። ቪዲዮውን ይዞ ካልሄደ ሥራው በቀጠሮው አይደርስም። ካልደረሰ ክፍያም የለም። ፍሪላንስ የሚሠራ ሰው ይሄ ምን ማለት እንደሆነ ያውቀዋል፤ የዚያን ወር የቤት ኪራይ ማለት ነው።

በሁለቱ ላፕቶፖች መካከል ያለው ርቀት አንድ ክንድ አይሞላም። ያቺን አንድ ክንድ ለመሻገር ግን ከሁለት ሰዓት በላይ ስንታገል ቆየን።

መጀመሪያ ያው ፍላሽ ነው። 32 ጊጋ የሚል ፍላሽ ሰካን፣ የመጀመሪያውን ቃለ መጠይቅ ኮፒ አድርገን ፔስት ስንል ኮምፒውተሩ «ፋይሉ ለዚህ ፍላሽ በጣም ትልቅ ነው» ብሎ መለሰልን። ፋይሉ 9 ጊጋ ነው። ፍላሹ ላይ 29 ጊጋ ባዶ ቦታ አለ። 9 እንዴት ነው 29 ውስጥ የማይገባው? ቀጥሎ ቴሌግራም አሰብን። እሱም አንድ ፋይል ከ2 ጊጋ በላይ አይቀበልም፤ ፕሪሚየም ለከፈለ ሰው 4 ጊጋ ነው። ጓደኛዬ «በብሉቱዝስ?» ሲል ሳቅኩበት። በኋላ ቁጭ ብዬ ሳሰላው ግን ከጠበቅኩትም የባሰ ነበር፤ እመለስበታለሁ።

ያዳነችን እዚያው ግቢ ውስጥ ጎረቤት ክፍል የምትኖር የኮምፒውተር ተማሪ ናት። ጫጫታችን አላስጠና ሲላት መጣችና በር ላይ ቆማ ትንሽ አየችን። «ቆይ፣ ኬብል የላችሁም እንዴ?» አለች። ሁለታችንም የቻርጀር ኬብል መስሎን ወደ ሶኬቱ ዞርን። «ኧረ የኔትወርክ ኬብል ነው የምላችሁ!»

ያ ሌሊት እንዴት እንዳለቀ መጨረሻ ላይ እነግራችኋለሁ። አሁን ግን ወደ ነገሩ እንግባ። ምክንያቱም የጂሲ ሰሞን ሲደርስ ይሄው ጣጣ በየዶርሙ አለ። የመመረቂያ ጥናቱን ዳታ ከጓደኛው ላፕቶፕ የሚቀበለው፣ የቡለቲን ፎቶ የሚሰበስበው፣ የሠርግ ቪዲዮ ለኤዲተር የሚያስረክበው፣ ሁሉም ፍላሽ ፍለጋ ይሯሯጣል።

ፍላሹ ለምን እምቢ አለ?

አብዛኛው ፍላሽ ከሱቅ ሲመጣ ፋት 32 በሚባል አሠራር ፎርማት ተደርጎ ነው። ፋት 32 በ1996 እ.ኤ.አ. ከዊንዶውስ 95 ጋር የመጣ የፋይል አያያዝ ነው። የእያንዳንዱን ፋይል መጠን የሚመዘግብበት ቦታ 32 ቢት ብቻ ስለሆነ፣ ሊጽፈው የሚችለው ትልቁ ቁጥር 4,294,967,295 ባይት ነው። ይህም 4 ጊጋ መሆኑ ነው። ስለዚህ ፍላሹ 32 ጊጋም ይሁን 64፣ ባዶም ይሁን ሙሉ፣ ከ4 ጊጋ የበለጠ አንድ ነጠላ ፋይል አይቀበልም። አሥር የ3 ጊጋ ፋይሎች ላይ ግን ምንም ተቃውሞ የለውም።

መፍትሔው ፍላሹን ኤክስፋት በሚባለው ፎርማት ማድረግ ነው። ራይት ክሊክ፣ ፎርማት፣ ከዝርዝሩ ኤክስፋት፣ አለቀ። ፎርማት ውስጡ ያለውን ሁሉ እንደሚያጠፋ ሳትረሱ ግን! ሌላው፣ የድሮ ቴሌቪዥንና የመኪና ማጫወቻ ኤክስፋትን ላያነብ ይችላል። ለዘፈን የምትጠቀሙበትን ፍላሽ እንዳለ ተዉት፣ ለትልቅ ፋይል ሌላ ያዙ።

ችግሩ ግን የ4 ጊጋው ገደብ ብቻ አይደለም። ፍላሽ ዘገምተኛ ነው። ርካሹ ፍላሽ ሲጻፍበት በሴኮንድ 8 ሜጋ አካባቢ ነው የሚሄደው። 64 ጊጋ በዚህ ፍጥነት ከ2 ሰዓት በላይ ይወስዳል፤ እሱም መጻፉ ብቻ ነው፣ በሌላኛው ላፕቶፕ ደግሞ እንደገና ማውጣት አለ። ፍላሹ 32 ጊጋ ከሆነማ ሦስት ጊዜ መመላለስ ነው፣ ምክንያቱም «32» የተባለው ኮምፒውተር ላይ ሲታይ 29 ገደማ ነውና። ሰዓቱ ሲደመር ወደ 3 ሰዓት ይጠጋል።

እዚህ ላይ ብሉቱዙን ልጨምርላችሁ። ብሉቱዝ በተግባር በሴኮንድ 200 ኪሎ ባይት አካባቢ ነው የሚያሳልፈው። 64 ጊጋ በዚህ ሲሰላ 89 ሰዓት ይሆናል፤ ወደ አራት ቀን ማለት ነው። ጓደኛዬ በዚያ ጊዜ ውስጥ በአውቶቡስ አዲስ አበባ ሁለቴ ደርሶ ይመለሳል።

ኢንተርኔትስ? የላይ መጫኛ ፍጥነታችሁ በሴኮንድ 1 ሜጋ ባይት ከሆነ 64 ጊጋ ለመጫን 18 ሰዓት ገደማ ይፈልጋል። ተቀባዩ ደግሞ መልሶ ያወርደዋል። አንድ ክንድ ለማይሞላ ርቀት 128 ጊጋ ፓኬጅ መክፈል ማለት ነው። ኔት ካለ ነው ይሄም። በ2012 ሰኔ መጨረሻ ኢንተርኔት በመላ አገሪቱ ለሦስት ሳምንት ገደማ ሲዘጋ የነበረውን ታስታውሳላችሁ፤ ያኔ ፋይል የሚሄደው በኪስ ነበር።

በነገራችን ላይ ፋይልን ተሸክሞ ማድረስ የእኛ ድህነት ብቻ እንዳይመስላችሁ። በ2009 እ.ኤ.አ. ደቡብ አፍሪካ ውስጥ አንድ ድርጅት በኢንተርኔቱ ዘገምተኝነት ተማርሮ ዊንስተን የሚባል እርግብ አሰልፎ ነበር። እርግቡ 4 ጊጋ የያዘ ሚሞሪ ካርድ እግሩ ላይ ታስሮለት ወደ 80 ኪሎ ሜትር በረረ። በረራው 1 ሰዓት ከ8 ደቂቃ ፈጀ። ካርዱ ተነቅሎ ኮምፒውተር ላይ እስኪገለበጥ ጭምር ሲቆጠር 2 ሰዓት ከ7 ደቂቃ። በዚሁ ጊዜ በኢንተርኔቱ መስመር ያለፈው 4 በመቶ ብቻ ነበር። በ2019 እ.ኤ.አ. የወጣው የመጀመሪያው የጥቁር ጉድጓድ ምስልም ዳታው የተጓዘው በአውሮፕላን ነው። 5 ፔታ ባይት፣ ማለትም 5 ሚሊዮን ጊጋ፣ ክብደቱ ግማሽ ቶን በሚሆን ሀርድ ዲስክ ተጭኖ። ከደቡብ ዋልታ የሚመጣው ዲስክማ ክረምቱ አልፎ አውሮፕላን ማረፍ እስኪችል ወራት ተጠብቋል።

እናም መሸከሙ አያሳፍርም። ሁለቱ ኮምፒውተሮች አንድ ክፍል ውስጥ ሲሆኑ ግን መሸከምም አያስፈልግም።

ኬብሉ

ጎረቤታችን ያመጣችው ኬብል ራውተር ላይ የሚሰካው ዓይነት ነው፤ ጫፉ ላይ ግልፅ ፕላስቲክ ያለው፣ ሲሰካ «ቀጭ» የሚል። ላን ኬብልም ይሉታል። ብዙ ላፕቶፕ በጎኑ በኩል ለዚህ የሚሆን ቀዳዳ አለው። ራውተር አያስፈልግም፣ ኢንተርኔት አያስፈልግም። አንዱን ጫፍ አንዱ ላፕቶፕ ላይ፣ ሌላውን ሌላው ላይ ትሰካላችሁ። በድሮ ጊዜ ለዚህ ክሮስኦቨር የሚባል ልዩ ኬብል ያስፈልግ ነበር፤ የአሁኖቹ ላፕቶፖች ግን ራሳቸው ስለሚያስተካክሉት ማንኛውም ላን ኬብል ይሠራል።

አንድ ማስጠንቀቂያ። ሁለት ጫፉም ትልቁ ዩኤስቢ የሆነ ኬብል አግኝታችሁ ሁለቱን ላፕቶፖች እንዳታገናኙበት። ተራው ዓይነት አይሠራም፤ ሁለቱም ኤሌክትሪክ ሰጪ ስለሆኑ ወደቡን ሊጎዳውም ይችላል። ለዚህ ተብሎ መሐሉ ላይ ቺፕ ያለበት ኬብል ይሠራል፣ እሱ ሌላ ነው።

ኬብሉ ከተሰካ በኋላ ሁለቱም ላፕቶፖች ላይ ዋይፋዩን አጥፉ። አንድ ሁለት ደቂቃ ጠብቁ። ሁለቱም ለራሳቸው በ169.254 የሚጀምር አድራሻ ይሰጣሉ። ሴቲንግ ውስጥ ኔትወርክ ኤንድ ኢንተርኔት፣ ከዚያ ኢተርኔት ብላችሁ ስትገቡ አይፒቪ4 ከሚለው ጎን ታገኙታላችሁ። ፋይሉ ያለበትን ላፕቶፕ ቁጥር ወረቀት ላይ ጻፉት። አድራሻው አልመጣ ካለ በእጅ መስጠት ይቻላል፦ ለአንዱ 192.168.10.1፣ ለሌላው 192.168.10.2፣ ሰብኔት ማስክ ለሁለቱም 255.255.255.0፣ ጌትዌይ የሚለውን ባዶ ተዉት። ስትጨርሱ ወደ አውቶማቲክ መመለስ እንዳትረሱ፤ አለዚያ ነገ ኬብሉን ራውተር ላይ ስትሰኩ «ኢንተርኔት የለም» ብሎ ያደናግራችኋል።

ከዚያ ፋይሉ ባለበት ላፕቶፕ ላይ የምትልኩት ፎልደር ላይ ራይት ክሊክ፣ ፕሮፐርቲስ፣ ሼሪንግ፣ ሼር። ተቀባዩ ላይ ደግሞ ፎልደር ከፍታችሁ ከላይ አድራሻ የሚጻፍበት ቦታ ላይ ሁለት ወደ ኋላ የተጋደሙ ሰረዞችና ያንን ቁጥር ትጽፋላችሁ፣ እንዲህ፦ \\192.168.10.1። ኢንተር። ፎልደሩ ብቅ ይላል፣ ኮፒ አድርጋችሁ የራሳችሁ ዲስክ ላይ ፔስት ነው።

ብዙ ሰው ተስፋ የሚቆርጠው እዚህች ጋ ነው፤ ምክንያቱም ዊንዶውስ ዩዘርኔምና ፓስወርድ ይጠይቃል። የሚፈልገው የላኪውን ላፕቶፕ የአካውንት ስምና ፓስወርድ ነው፤ ላፕቶፑን ስትከፍቱ የምትነኩትን ፒን አይደለም። አካውንቱ ፓስወርድ ጭራሽ ከሌለው ዊንዶውስ በኔትወርክ በኩል አያስገባም። ቀላሉ ነገር ለጊዜው ፓስወርድ ማድረግ ነው። ፎልደሩ ጭራሽ ካልታየ ደግሞ ላኪው ላይ የሼሪንግ ሴቲንግ ውስጥ ኔትወርክ ዲስከቨሪ እና ፋይል ኤንድ ፕሪንተር ሼሪንግ የሚሉት መብራታቸውን እዩ። ኔትወርኩን ፕራይቬት አድርጉት፤ ያ ምርጫ ካልመጣ በፐብሊክ ሥር ያለውን አብሩና ስትጨርሱ መልሳችሁ አጥፉት። ዋይፋዩን አጥፉ ያልኩት ለዚህም ጭምር ነው፤ ኬብሉ ላይ ከእናንተ ሌላ ሰው የለም።

ይሄ ሁሉ ከደከማችሁ ሎካልሴንድ የሚባል ነፃ አፕ አለ። እሱን ሁለቱም ላይ ከጫናችሁ በኬብሉም በዋይፋይም ይሠራል፤ የፓስወርድ ጣጣ የለውም። ፍጥነቱ ከሼር ፎልደሩ ትንሽ ሊያንስ ይችላል፣ ግን ለ64 ጊጋ እንኳ የሚያስከፋ አይደለም።

11 ሜጋው ነገር

እኛ ጋ ኮፒው ጀመረ፣ ተደሰትን፣ ከዚያ ፍጥነቱን አየሁት፦ በሴኮንድ 11 ሜጋ። ቀሪ ጊዜ፣ አንድ ሰዓት ተኩል። ከፍላሹ ይሻላል፣ ግን ልጅቷ ፊቷን አጨማደደች። «ይሄ ኬብሉ ነው» አለች።

ነገሩ እንዲህ ነው። የኔትወርክ ፍጥነት የሚነገረው በቢት ነው፣ እኛ ፋይል የምንለካው በባይት። 8 ቢት 1 ባይት ነው። ስለዚህ «100 ሜጋ» የሚባል መስመር በባይት 12.5 ነው፤ በተግባር 11 ገደማ ይሰጣል። «1000» ወይም ጊጋቢት የሚባለው ደግሞ 125፤ በተግባር ወደ 110። (የኢንተርኔት ፓኬጃችሁን ፍጥነትም በዚሁ መንገድ ለ8 ማካፈል ነው። ብዙ ቅሬታ እዚህች ጋ ያበቃል። ሁሉም አይደለም እንጂ!)

ሁለቱም ላፕቶፖቻችን ጊጋቢት መቻል ነበረባቸው። 11 ላይ የቆመው ለምንድን ነው? ላን ኬብል ውስጥ ስምንት ቀጫጭን ሽቦዎች አሉ። ለ100 ሜጋ አራቱ ይበቃሉ፤ ጊጋቢት ግን ስምንቱንም ይፈልጋል። ከስምንቱ አንዷ ጫፉ ላይ በደንብ ካልተያዘች ወይም መሐል ላይ ከተቆረጠች፣ ላፕቶፖቹ ዝም ብለው ወደ 100 ይወርዳሉ። ምንም ማስጠንቀቂያ አይሰጡም። በርካሽ የተሠራ ወይም አራት ሽቦ ብቻ የተገጠመለት ኬብልም አለ። ጫፉን ወደ ብርሃን አድርጋችሁ ካያችሁት ሽቦዎቹ በግልፁ ፕላስቲክ ውስጥ ይታያሉ፤ ቁጠሯቸው።

የመጀመሪያውን ኬብል ነቀልን፣ ኮፒው ተቋረጠ። ሌላ ኬብል አመጣች። ካት 6 ይላል፣ አጭር ነው። ሰካን፣ እንደገና ጀመርን። 104፣ 108፣ 110። 64 ጊጋ በዚህ ፍጥነት 10 ደቂቃ ነው ሒሳቡ፤ የጓደኛዬ ላፕቶፕ የድሮው የሚሽከረከር ሀርድ ዲስክ ስለሆነ መሐል መሐል ላይ ይደክም ነበርና ሩብ ሰዓት ሆነ። ማንም አላወራም። ሦስታችንም አረንጓዴዋን መስመር እያየን ነበር።

ኬብል መግዛት ከፈለጋችሁ ካት 5ኢ ወይም ካት 6 በሉ። ሁለት ሜትር ይበቃል። ኮምፒውተር የሚጠግኑ ቤቶች በሜትር ቆርጠው ጫፉን እዚያው ይገጥሙላችኋል፤ ከመክፈላችሁ በፊት ስምንቱም መስመር በመፈተሻ እንዲታይ ጠይቁ። ቀጫጭኖቹ አዳዲስ ላፕቶፖች የኬብሉ ቀዳዳ የላቸውም። ለእነሱ ከዩኤስቢ ወደ ላን የሚቀይር ትንሽ አዳፕተር አለ። ስትገዙ ዩኤስቢ 3 እና ጊጋቢት መሆኑን እዩ፣ ስትሰኩትም ዩኤስቢ 3 ወደብ ላይ ይሁን፤ ብዙ ጊዜ ውስጡ ሰማያዊ ነው። ዩኤስቢ 2 ወደብ ላይ ከተሰካ ከ40 ሜጋ አያልፍም።

ስልካችሁ ራውተር ነው

አሁን «እኔ ጋ ኬብል የለም፣ ስልክ ብቻ ነው ያለኝ» ለምትሉት። ስልካችሁ ሆትስፖት ሲከፍት ትንሽ ራውተር ሆነ ማለት ነው። ሁለቱ ላፕቶፖች በዚያ ሆትስፖት ከተገናኙ እርስ በርስ ፋይል መላላክ ይችላሉ፤ ፋይሉ ወደ ኢንተርኔት አይወጣም፣ ከፓኬጃችሁ አንድ ሜጋ አይቆርጥም።

ግን ዳታውን መጀመሪያ አጥፉት! ይሄን በደንብ ስሙኝ። ዳታው በርቶ ሁለት ላፕቶፕ ከተገናኘባችሁ ፋይሉ ባይበላችሁም ዊንዶውሱ «ዋይፋይ አገኘሁ» ብሎ አፕዴት ማውረድ ይጀምራል። የሁለቱም። እኔ የወር ፓኬጄን በአንድ ማታ የሸኘሁት እንዲህ ነው። ዳታ አጥፍታችሁ ሆትስፖቱ ብቻ ይብራ። ላፕቶፑ «ኢንተርኔት የለም» ይላችኋል፣ ይበል።

ከዚያ ሁለቱም ላይ ሎካልሴንድ ይከፈት፤ እርስ በርስ ይተያያሉ፣ ፋይሉን መርጦ መላክ ነው። ሎካልሴንድ በዊንዶውስም፣ በማክም፣ በሊኑክስም፣ በአንድሮይድም፣ በአይፎንም ይሠራል። ማለትም ከአይፎን ወደ ሳምሰንግ ወይም ከስልክ ወደ ላፕቶፕ ለሚቸገር ሰውም ይሄው አንዱ ይበቃዋል። ማስታወቂያ የለውም። መጫኛውን አንዴ አውርዳችሁ ፍላሽ ላይ አስቀምጡት፤ ኔት በሌለበት ቀን ለሌላው ላፕቶፕ ከዚያው ትጭኑለታላችሁ።

ብዙዎቻችን ዜንደርና ሼርኢት ለምደናል። ይሠራሉ። ግን ሼርኢት ላይ በ2021 እ.ኤ.አ. ትሬንድ ማይክሮ የተባለው የደህንነት ኩባንያ፣ ሌላ ሰው በስልካችሁ ላይ ኮድ እንዲያስኬድ በር የሚከፍት ክፍተት እንዳገኘ ይፋ አድርጓል። ማስታወቂያውም ያሰለቻል። እኔ ከቀየርኩ ቆየሁ።

የሆትስፖቱ ፍጥነት የሚወሰነው በባንዱ ነው። ሆትስፖት ሴቲንግ ውስጥ 2.4 ጊጋኸርዝ እና 5 ጊጋኸርዝ የሚል ምርጫ አለ። 2.4ቱ ላይ በሴኮንድ 3፣ 4 ሜጋ ብታገኙ ነው። 5ቱን ስትመርጡ ብዙ ጊዜ 20 እና ከዚያ በላይ ይሄዳል፤ ስልኩም ሁለቱ ላፕቶፖችም 5ቱን መቻል አለባቸው። እያንዳንዷ ባይት ከአንዱ ላፕቶፕ ወደ ስልኩ፣ ከስልኩ ወደ ሌላው ስለምትሄድ አየሩን ሁለቴ ትጠቀማለች። ስለዚህ ስልኩን መሐላቸው አስቀምጡት፤ ኪስ ውስጥ አይሁን። በ20 ሜጋ 64 ጊጋ 53 ደቂቃ ነው። ቻርጀር ላይ ይሰካ።

የካምፓስ ወይም የካፌ ዋይፋይ ላይ ይሄን ስትሞክሩ ላፕቶፖቹ ካልተያዩ አትገረሙ። ብዙ የሕዝብ ዋይፋይ ተጠቃሚዎች እርስ በርስ እንዳይተያዩ ሆን ተብሎ ይዘጋል፤ ጥሩም ነው፣ አለዚያ ማንም ሰው ላፕቶፓችሁን ይጎረጉረው ነበር። የራሳችሁን ሆትስፖት ክፈቱ።

ኮፒ እንጂ ከት አይሁን

ከዚህ በላይ ያለውን ሁሉ ብትረሱ ይቺን አትርሱ። ፋይል ስታሳልፉ ኮፒ አድርጉ። ከት አታድርጉ። መብራት ጠፋ፣ ኬብል ተነቀለ፣ ፍላሽ ተበላሸ፣ ኮፒ ካደረጋችሁ ዋናው አሁንም ቦታው ላይ ነው። ቦታ ለማስለቀቅ ከፈለጋችሁም መጥፋት ያለበት ተቀባዩ ከፍቶ ካየ በኋላ ነው።

ፍላሽ ላይማ ሌላም ጣጣ አለ። ስሙ 1 ቴራ፣ ዋጋው የ32 ጊጋ የሆነ ፍላሽ ካያችሁ የውሸት ነው። ውስጡ ያለው ቺፕ ትንሽ ሆኖ ኮምፒውተሩን «1 ቴራ ነኝ» እያለ እንዲዋሽ ተደርጓል። ኮፒው ያልቃል፣ ስሞቹ ይታያሉ፣ ቤት ደርሳችሁ ስትከፍቱ የመጀመሪያዎቹ ብቻ ይሠራሉ። ሌላው ፕሪንት ቤት ደርሶ የመጣ ፍላሽ ነው። ፎልደሮቹ ሁሉ ሾርትከት ሆነው ካገኛችኋቸው ቫይረስ ነው፤ ሾርትከቱን አትክፈቱ፣ ፍላሹንም ፎርማት ለማድረግ አትቸኩሉ። ፋይሎቹ ብዙ ጊዜ አልጠፉም፣ ተደብቀዋል እንጂ። በአንቲቫይረስ አጽዱትና የተደበቁ ፋይሎችን አሳይ የሚለውን ስታበሩ ይወጣሉ። ካልወጡ «የተጠበቁ የሲስተም ፋይሎችን ደብቅ» የሚለውንም አንሱ።

በሺህ የሚቆጠሩ ትናንሽ ፎቶዎች ካሏችሁ ደግሞ መጀመሪያ አንድ ዚፕ ውስጥ አድርጓቸው። ኮምፒውተሩ ለእያንዳንዷ ፋይል መዝገብ ከፍቶ ስለሚዘጋ 5 ጊጋ የሚሆኑ አሥር ሺህ ፎቶዎች ከአንድ የ5 ጊጋ ቪዲዮ በጣም ይዘገያሉ። ቪዲዮን ግን ዚፕ አታድርጉት፤ ቀድሞውኑ የታመቀ ስለሆነ አይቀንስም።

ወደዚያ ሌሊት እንመለስ። 5 ሰዓት ከሩብ ላይ ኮፒው አለቀ። ልጅቷ ከመሄዷ በፊት ሁለቱም ላፕቶፕ ላይ ፎልደሩን ራይት ክሊክ አድርገን፣ ፕሮፐርቲስ ገብተን፣ የፋይል ብዛትና መጠን እንድናስተያይ አደረገች። እኩል ነው። ጓደኛዬ ትንሽ ተኝቶ ወደ መናኸሪያ ሄደ፤ እኔ ከላፕቶፔ ላይ ምንም አላጠፋሁም።

በሦስተኛው ቀን ከአዲስ አበባ ደወለ። «አንዷ ፋይል አልከፍት አለች።» የትኛዋ? የመጀመሪያውን ኬብል ስንነቅል እያለፈች የነበረችው። ሁለተኛ ስንጀምር ዊንዶውስ «ይቺ ፋይል አለች፣ ልተካት ወይስ ልለፋት?» ብሎ ጠይቆን ነበር፤ እኛ በችኮላ «እለፋት» ብለነዋል። ዊንዶውስ ደግሞ ኮፒ ሲጀምር የፋይሉን ሙሉ ቦታ አስቀድሞ ይይዛል፤ ለዚህ ነው መጠኑ እኩል የመሰለን፣ ውስጡ ግን ግማሹ ባዶ ነበር። «ተካት» ማለት ነበረብን።

አንድ አዛውንት ሸማኔ ድንኳኑ ሥር ተቀምጠው የሚናገሩባት፣ 700 ሜጋ የምትሆን ፋይል ናት። ላፕቶፔን ከፈትኩ፣ እዚያው አለች። ለ700 ሜጋማ ቴሌግራም መች አነሰ፤ እንደ ቪዲዮ ሳይሆን እንደ ፋይል አድርጌ ላክኩለት፣ እንዳይጨመቅብኝ። ኔቱ ደግ ሆኖ አደረ፣ ጠዋት 2 ሰዓት ላይ «ደርሷል፣ ተከፍቷል» አለኝ። ሥራውም በቀጠሮው ቀን ገባ። ልጅቷ ካት 6 ኬብሏን እስካሁን አልመለስኩላትም።